ደክሞኛል አለ

ሶያማ ቡራዩ ላይ ከታክሲ ስትወርድ ግራ ጎኗን በክንዷ ደግፋ ነበር። ለሚያያት ሰው ቦርሳዋን ያቀፈች ነው የምትመስለው። ሦስት ዓመት እንዲህ ስትሄድ ኖራለች፤ ሕመሙ ባይነሳም እጇ ራሱ ቦታውን ለምዶታል።

ከሆስፒታል መምጣቷ ነበር። ቤተሰቦቿ ያሉት ሱሉልታ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአዲሱ ገበያ በኩል በቀጥታ ወደ ቤቷ መሄድ ስትችል ወደ ቡራዩ የዞረችው ለእጮኛዋ ለካሳሁን በአካል ልትነግረው ብላ ነው። በስልክ የሚነገር ነገር አልነበረም።

ጠዋት ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ አየው። ከዚያ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አደረገ። ሐኪም ወንበሩን ሲያስጠጋ መልካም ወሬ እንደማይኖረው ሶያማ ከዚህ በፊት ተምራለች።

«የግራው ኩላሊትሽ ሥራ አቁሟል ማለት ይቻላል» አላት። «ቱቦ እየቀያየርን ልናቆየው ሞከርን። አሁን ግን የሚሰጥሽ ጥቅም የለም። ኢንፌክሽኑ የሚመላለስብሽ ከእሱ ነው፤ ደም ግፊትሽንም ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። መውጣት አለበት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በቀኙ ትኖሪያለሽ። ብዙ ሰው በአንድ ኩላሊት ይኖራል። ግን ከእንግዲህ በደንብ እንጠብቀዋለን።»

አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ለምን እንዳመሰገነች ራሷም አላወቀችም።

ነገሩ የጀመረው ሰበታ ሳለች ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። ካሳሁን ከእናቱ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ቀለም ጭኖ ሲመጣ «የታዘዘው ቀለም ይህ አይደለም» ብላ መለሰችው። በማግስቱም መለሰችው። በሦስተኛው ቀን ትክክለኛውን ቀለምና አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። ሽማግሌ ሊልክ ሲዘጋጅ ማህፀኗ ላይ ዕጢ ተገኘባትና ቀላል ነው ተብላ አንድ የግል ክሊኒክ ለቀዶ ጥገና ገባች። ዕጢው ወጣ። ሲያወጡት ግን ከኩላሊቷ ወደ ፊኛዋ ሽንት የሚያወርደውን ቀጭን ቱቦ ቆረጡት፤ ማንም ልብ አላለውም። ሆዷ ተነፋ፣ ትኩሳት ያዛት። አንድ ቀን ጠዋት አልጋዋ ርሶ ነቃች። ከዚያ በኋላ ሽንቷ ሳታውቀው ሌት ተቀን ይፈስ ነበር።

ከወራት በኋላ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ቱቦውን መልሰው ከፊኛዋ ጋር አገናኙላት። መፍሰሱ ቆመ። ሰውም «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ብሎ ረሳው። የተሰፋው ቦታ ግን ጠባሳ ሆኖ እየጠበበ ሄደ፤ ሽንቱም ወደ ኋላ እየተመለሰ ኩላሊቷን ያሳብጠው ጀመር። ከዚያ ወዲህ ውስጧ የላስቲክ ቱቦ ያስገባሉ፣ ያወጣሉ፣ ይቀይራሉ። ሥራዋን ተወች። ሰበታ የተከራየችውን ቤት ለቃ ሱሉልታ አባቷ ቤት ገባች። ሠርጉም ከዓመት ወደ ዓመት ተላለፈ።

ዛሬ ቡራዩ የመደብሩ በር ላይ ሰው ተኮልኩሎ ስላየች በጓሮ በኩል በመጋዘኑ ዞረች። ቦሩ፣ የመደብሩ ጫኝና አውራጅ፣ ሲሚንቶ ተደግፎ ምሳውን እየበላ ነበር። ገና «ሶያማ!» ብሎ ሊነሳ ሲል ከውስጥ የካሳሁን እናት የእትዬ አረጋሽ ድምፅ ተሰማ።

«እኔ ልጅቷን ጠልቼ መሰለህ? መጀመሪያ ላይ ጠልቼ ነበር፣ አልዋሽህም። የአገራችን ሰው አይደለችም፣ ወላጆቿን አላውቅም ብዬ ነበር። ያ ቀርቷል። አሁን የምፈራው ለአንተ ነው። አባትህን ስንት ዓመት አስታመምኩት? አንድ ቀን እንኳን ምርር ብሎኝ ስናገር ሰምተኸኛል? የምታስታምም ሴት እንዴት ዋልሽ የሚላት የለም። በጎልማሳነቴ አረጀሁ። አንተ ደግሞ ገና ሳታገባ እያረጀህ ነው። እስቲ ራስህን በመስታወት እየው!»

የሆነ ነገር መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«እማዬ፣ ደክሞኛል» አለ ካሳሁን። «የእውነቴን ነው፤ ደክሞኛል።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ሶያማ ትገባ ነበር። ለእናቱ ሲል ያለው ነው ብላም ትተረጉመው ነበር። ድምፁ ግን ባዶ ነበር፤ እውነቱን የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

«ልጥራልሽ?» አላት ቦሩ በሹክሹክታ።

«አይ፣ ተወው። ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።»

አስፋልቱ ጋ እስክትደርስ አላለቀሰችም። ከደረሰችም በኋላ እንባ አልመጣላትም። ሰውነቷ ለለቅሶ የሚሆን ጉልበት እንኳን እንዳላስቀረላት ገባት፤ ከሁሉም ያስፈራትም እሱ ነበር።

* * *

ሱሉልታ ስትደርስ ስልኳን አወጣችና ጻፈች፤ «ካስዬ፣ ከእንግዲህ አትጠብቀኝ። አንተ ያጠፋኸው ነገር የለም። በቅቶኛል።» ልካ ስልኩን አጠፋችው።

ታላቅ እህቷ ገለቴ ወተት ለሰብሳቢዎቹ አስረክባ ስትመለስ ጋቢ ተከናንባ ተኝታ አገኘቻት።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

ነገረቻት። ገለቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና የእህቷን እግር በጋቢው ላይ ያዘች።

«ካሳሁንስ ምን አለ?»

«አልነገርኩትም። ተለያይተናል።»

«ማነው የተለየው? እሱ ነው አንቺ?»

ሶያማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያስታወሰችው ሰበታን ነው፤ ሽንቷ ይፈስ የነበረበትን ያን ጊዜ። ካሳሁን ሊጠይቃት ሲመጣ ከእሱ ርቃ በሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር፤ ሽታው እንዳይደርሰው። ሊያቅፋት ሲነሳ ውኃ ጣድኩ፣ ሰው ጠራኝ እያለች ትሸሸዋለች። እሱ ደግሞ ፍቅሯ የቀዘቀዘ መሰለው። ተቆጣ፣ አኮረፈ፣ ቀረ። አንድ ቅዳሜ ሳይነግራት መጣ። አልጋዋ ላይ የምታነጥፈው ላስቲክ፣ ቁርጥራጭ ጨርቆቿ፣ አንሶላዋ፣ ሁሉም ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ካሳሁን ገመዱን አየ፣ እሷን አየ። የምትገባበት ጠፍቷት ቆማ ቀረች። እሱ ሁለቱን ጀሪካን አንስቶ ውኃ ሊቀዳ ወጣ። ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ ነበር። «የቀረ የሚታጠብ አለ?» አላት።

ያን ሰው ነው አሁን ያደከመችው። የሰው ደግነት ሲያልቅ አጠገቡ ሆኖ ከማየት ቀድሞ መሄድ ይሻላል ብላ ለራሷ ነገረችው፤ ልቧ ግን አልሰማትም።

* * *

ካሳሁን መልእክቱን ያነበበው ሚስማር እየመዘነ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበውና ኪሱ ከተተው። ሲደውል ስልኳ ዝግ ነው። መጀመሪያ ተናደደ። «በቅቶኛል» ትበለኝ! ከአልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፎ የተኛው ማን ነው? መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን ያካለለው ማን ነው?

ተናዶ ቤቱ ገባና ተኛ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ ስልኩን ጆሮው ሥር ሳያደርግ፣ ብርድ ብርድ አላት የሚል ጥሪ ሳይጠብቅ። ጠዋት ሲነቃ ሰውነቱ ቀሎታል። ያን ሲያውቅ አፈረ። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ማየት አቃተው።

ገለቴ ጋ ደወለ። «እሷን ጠይቃት» ብላ ዘጋችበት። እናቴን ፈርታ ነው፣ ወይም ሌላ ሰው ይኖራል እያለ ሲያወጣና ሲያወርድ ሰነበተ። በመጨረሻ ቦሩ ነው ያወጣው፤ የጭነት መኪና ላይ ቆርቆሮ እያሰሩ ሳለ ድንገት።

«ሶያማ ተሻላት? ያን ቀን ፊቷ ደስ አላለኝም።»

«የቱን ቀን?»

«ከእትዬ ጋር መጋዘን ውስጥ ስትነጋገሩ። በሩ ጋ ቆማ ነበርኮ። ትልቅ የራጅ ፖስታ ይዛለች።»

ካሳሁን ገመዱን ለቀቀው።

የፒክአፑን ቁልፍ ሊያነሳ ሲገባ እትዬ አረጋሽ ሒሳብ መቀበያው ጋ ቁጭ ብለዋል።

«ወዴት ነው?»

«ሱሉልታ።»

እንዳይሄድ የሚያደርግ ቃል ፈለጉ። ስንት ቃል ነበራቸው! ግን የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ባላቸው የታመሙ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ለእናታቸው ያሳዩት ፊት መሰላቸው። «ቀስ ብለህ ንዳ» ብቻ አሉት።

* * *

የሶያማ አባት ኦቦ ባጫ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ድርቆሽ እየከመሩ ነበር። ካሳሁን መኪናውን አጥሩ ጋ አቁሞ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ባጫ።»

«ፈያዳ፣ ልጄ።» መንሹን መሬት ላይ ተከሉና አዩት። «ምን እንዳጣላችሁ አልጠይቅም። ብቻ ከከተማ ከተመለሰች ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። ጓሮ ናት፤ ሂድ።»

ሶያማ የድርቆሹን ክምር ተደግፋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ስታየው ክንዷ ወደ ግራ ጎኗ ሄደ።

«ለምን መጣህ?»

«ቦሩ ነገረኝ። መጥተሽ እንደነበር።»

«እንግዲያው ምን እንደሰማሁ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«አላልኩም በለኝ።»

ካሳሁን የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ።

«ካሳሁን፣ አላልኩም በለኝ። አምንሃለሁ።»

«ብያለሁ» አለ። «ደክሞኛል ብያለሁ። ስለደከመኝ ነው ያልኩት።»

እንደሚክድ፣ እንደሚምል፣ እንደሚለምናት አስባ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም።

«እንግዲያው ሂድ።»

«አንቺስ አልደከመሽም?»

«እኔ?» ሳቀች፤ ሳቋ አስጠላት። «እኔ ከመድከም ሌላ ምን ሥራ አለኝ! ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ መፈለግ ደክሞኛል። ቱቦው ሲቀየር ለማላውቀው ሰው ሁሉ ራቁቴን መተኛት ደክሞኛል። ደም ሳይ መደንገጥ፣ ሲያንዘፈዝፈኝ ልብስ ጠቅልዬ ሆስፒታል መሮጥ ደክሞኛል። እንዴት ነሽ ሲሉኝ ደህና ነኝ ማለት ደክሞኛል! ሰው ሁሉ ድኛለሁ ብሎ ያስባል። መፍሰሱ ቆመ አይደል? ማን ውስጤን ያየዋል?»

«እኔስ ሰልችቼሻለሁ?»

ማዶ ኦቦ ባጫ ለጎረቤቶቻቸው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ሲሉ ይሰማል። ነፋሱ የድርቆሹን ሽታ ያመጣል።

«አይ» አለች በመጨረሻ። «አንተ አልሰለቸኸኝም።»

«ታዲያ እኔ ደክሞኛል ስል ለምን የሰለቸሽኝ መሰለሽ?»

ሶያማ ቀና አለች። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ ጺሙ ውስጥ ሽበት አለ። መቼ እንደበቀለ አላየችም ነበር። ለካ እሷም ለረጅም ጊዜ እሱን አላየችውም።

«መልእክትሽ የደረሰኝ ቀን» አለ ካሳሁን፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ድብን ያለ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀለለኝ፣ ሶዬ። ይህን ብነግርሽ ትጠዪኝ ይሆናል። በማግስቱ ግን የምትጠራኝ አልነበረችም፣ የምሮጥላት አልነበረችም፣ የምቆጣትም አልነበረችም። ዕረፍት መስሎኝ ነበር። አልነበረም።»

«ኩላሊቴ አልቋል» አለችው።

«ምን?»

«የግራው ሞቷል። ሊያወጡት ነው። ያን ቀን ልነግርህ ነበር የመጣሁት።»

ካሳሁን ቀስ ብሎ ቁጭ አለ፤ ድርቆሹ ላይ፣ ከእሷ አንድ ክንድ ርቆ።

«ብቻሽን ሰማሽው?»

«ብቻዬን።»

«ብቻሽን ሰምተሽ፣ ታክሲ ተሳፍረሽ እኔ ጋ መጥተሽ፣ እኔ ደግሞ...»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ በዚያ ሁሉ አልጋ አጠገብ፣ ሶያማ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይርገበገባል።

«ሁሉንም ልንገርህ» አለች። «ከዚያ ትወስናለህ። ስለ ልጅ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። በክትትል ይቻል ይሆናል አለኝ። ይሆናል ነው ያለኝ እንጂ ይቻላል አላለኝም። እናትህ የልጅ ልጅ ይፈልጋሉ። አንተም ልጅ ትፈልጋለህ።»

«እፈልጋለሁ። አልፈልግም ብዬ አልዋሽሽም። የምፈልገው ግን ከአንቺ ነው።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ አዝናለሁ። አንቺም ታዝኛለሽ። አንድ ቤት ቁጭ ብለን እናዝናለን። ሌላ ምን ልበልሽ?»

እንባዋ ያኔ መጣ። ቡራዩ አስፋልት ላይ እምቢ ያላት እንባ አሁን ሳትጠራው ጉንጯን አቋርጦ ወረደ።

«እኔ አስታማሚ አልፈልግም፣ ካስዬ። ለማስታመም ገለቴ አለችልኝ። እኔ የምፈልገው ባል ነው። የሚቆጣኝ፣ የሚያኮርፈኝ፣ ሲደክመው ደክሞኛል የሚለኝ። ለእናቱ ሳይሆን ለእኔ!»

«አንቺም የሐኪሙን ወሬ ለእኔ ነው የምትነግሪኝ። ሰው ከኋላ በር ሰምቶ አይመለስም። ገብተሽ ትጮሂብኛለሽ።»

«እሺ።»

«እንግዲያው አሁን ልንገርሽ» አለ። «ደክሞኛል፣ ሶዬ። በጣም ደክሞኛል።»

በቀኝ ጎኗ በኩል ቦታ ለቀቀችለት። ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ ክብደቱን ሳይቆጥብ፣ ትሰበራለች ብሎ ሳይጠነቀቅ። ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ወዲህ ማንም ሰው እንዲህ ሙሉ ክብደቱን አሳርፎባት አያውቅም። ከበዳት። መክበዱን ወደደችው።

* * *

የቀዶ ጥገናው ቀን ኦቦ ባጫ፣ ገለቴና ካሳሁን ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቁ እትዬ አረጋሽ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ፣ ቀጥ ብለው ሶያማ የተኛችበት ክፍል ገቡ። ሶያማ ልትነሳ ሞከረች።

«ተኚ» አሏት። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ ልጅዎን አድክሜብዎታለሁ» አለች ሶያማ።

«አድክመሽዋል» አሉ። «እኔ ደግሞ ልነጥልሽ ሞከርኩ። መርቄሻለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ልቤ ገና ይፈራል። ግን እነዚህን ኮሪደሮች አውቃቸዋለሁ። ስጠብቅ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አልነበረኝም። ባልሽ እንደ እኔ እንዲጠብቅ አልፈልግም።»

ባልሽ ማለታቸውን ሁለቱም እኩል ሰሙት። እትዬ አረጋሽ አልመለሱትም። የሶያማን ፀጉር ከግንባሯ ላይ ሰብስበው ሆስፒታሉ የሰጣት ቆብ ሥር ቀስ አድርገው አስገቡላት።

ከሰዓት በኋላ ሶያማ ስትነቃ በመስኮቱ የገባ ብርሃን አልጋው ላይ ተዘርግቷል። ግራ ጎኗ በፋሻ ተጠቅልሎ ከባድ ነው፤ ጉሮሮዋ ደርቋል። ገለቴ ነርሷን ልትጠራ ወጥታለች። ኦቦ ባጫ በር ላይ ቆመው በዓይናቸው ሰላም አሏት። ካሳሁን ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ራሱ ወደ ኋላ ወድቆ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

እትዬ አረጋሽ እርጥብ ጥጥ ይዘው ከንፈሯን አበሱላት።

«ወጣ፤ በሰላም ወጣ» አሏት። «ቀኙም ደህና ነው ብለዋል። ልቀስቅሰው?»

ልትጠራው ፈልጋለች። ስሟን ሲጠራ መስማት፣ እጁን መያዝ፣ መኖሯን በፊቱ ላይ ማየት ፈልጋለች። ነገ የሚመጣው ምርመራ፣ ከነገ ወዲያ የሚመጣው ፍርሃት፣ ሁሉም በቦታው እንዳለ ታውቃለች። ግን የተኛው ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አየችና አልቸኮለችም። አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ሲነቃም የትም አይሄድም።

«ይተኛ» አለች በደረቀ ድምፅ። «ትንሽ ይተኛ፣ እማዬ።»

እትዬ አረጋሽ ጥጡን እንደገና ውኃ ውስጥ ነከሩት።